የሄድዊግ ዊግ የት ሄደ?

«ጋሼ፣ ኮሌጅ የቴአትር ኮርስ እየወሰድኩ ነው። ‹ሄድዊግ ኤንድ ዘ አንግሪ ኢንች› የሚባለውን የሮክ ሙዚቃዊ ድራማ አይተን ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘናል። ፊልሙን ደጋግሜ አየሁት። ዘፈኖቹን ወደድኳቸው፤ መጨረሻው ግን ጨርሶ አልገባኝም። ሄድዊግ ዊጓን ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ ከዚያ ራቁቷን ወደ ጨለማ መንገድ ትወጣለች። በቃ፣ አለቀ። ምን ሆነች? ወንድ ሆነ ወይስ ሴት ሆና ቀረች? ቶሚ የሚባለው ልጅስ በእውነት አለ ወይስ የራሷ ግማሽ ነው? ደግሞም ሜካፕና ብልጭልጭ የሞላበት ሙዚቃ ድንገት ወደ ጩኸት የሚለወጠው ለምንድን ነው?»

እህቴ፣ ጥያቄዎችሽ ሦስት ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ነው ያለው። ይህን ሥራ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ቀዶ ሕክምናው ላይ ይቀራል። «ታዲያ ወንድ ነው ሴት?» የሚለውን ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። መጨረሻው ደግሞ ለዚያ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ስለዚህ ባዶ እጁን ይወጣል። እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ዊጉን እንዲከተሉ ነው። ማን አጠለቀው? ማን ተከለከለ? መቼ ወለቀ? በመጨረሻ ማን እጅ ገባ? ይህን ይዘሽ ብትሄጂ መጨረሻው ግልጽ ይሆንልሻል።

ላላዩት አንባቢዎች ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሃንሰል ሽሚት በበርሊን ግንብ ዘመን ምሥራቅ በርሊን ያደገ ልጅ ነው። አባቱ አሜሪካዊ ወታደር ነበር፤ አሁን አብሯቸው የለም። ከእናቱ ጋር የሚኖሩባት ቤት በጣም ጠባብ ናት። ልጁ ጭንቅላቱን ኦቨን ውስጥ ከትቶ የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ያዳምጣል። ካደገ በኋላ ሉተር የሚባል አሜሪካዊ ሳጅን ይወደዋል፤ አግብቶ ሊወስደውም ይፈልጋል። ለመጋባትና ከአገር ለመውጣት ግን ሃንሰል ሴት መሆን አለበት። እናቱ ፓስፖርቷንና ስሟን ትሰጠዋለች። ስሟ ሄድዊግ ነው። ቀዶ ሕክምናው ይበላሻል። ከዚያ የተረፈችው አንድ ኢንች ሥጋ ናት ለባንዱም ለሥራውም ስም የሆነችው።

ሄድዊግ ካንሳስ ውስጥ ጀንክሽን ሲቲ የምትባል ከተማ ትገባለች። ዓመት ሳይሞላ ሉተር ጥሏት ይሄዳል። የሠርጋቸው ዓመት በሚከበርበት ዕለት ቴሌቪዥን ስትከፍት የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ታያለች፤ 1989፣ ኅዳር 9። ሰውነቷን የከፈለችበት ግንብ በነጻ ፈረሰ። ከዚያ ቶሚ የሚባል የጄኔራል ልጅ ታገኛለች። ሮክ ታስተምረዋለች፤ አብረው ዘፈን ይጽፋሉ፤ የመድረክ ስም ታወጣለታለች። ልጁ ዘፈኖቹን ይዞ ይጠፋና ቶሚ ኖሲስ የሚባል ትልቅ ኮከብ ይሆናል። እሷ እሱ የሚዘፍንባቸውን ከተሞች እየተከተለች ትናንሽ ቦታዎች ላይ ትዘፍናለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ምሥራቅ ጀርመን ለእኛ ሩቅ አገር አልነበረችም። በደርግ ጊዜ ስንቱ ወጣት እዚያ ሄዶ ተማረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው የካርል ማርክስ ሐውልት ራሱ የእነሱ ስጦታ ነው። ከቤተሰብሽ ውስጥ ያንን አገር ያየ ሰው ካለ ስለ ግንቡ ጠይቂው። የመክፈቻው ዘፈን «ቴር ሚ ዳውን» ስለ ግንቡ ነው፤ ሄድዊግ በምሥራቅና በምዕራብ፣ በወንድና በሴት መሃል የቆምኩ ግንብ እኔ ነኝ ትላለች። ግንቡን በዓይኑ ያየ ሰው ሲያወራሽ ያንን ዘፈን በሌላ ጆሮ ትሰሚዋለሽ።

አሁን ወደ አመጣጡ እንሂድ፤ የሙዚቃው ለውጥ መልስ እዚያ ነው ያለው። ታሪኩን የጻፈውና ሄድዊግን ሆኖ የተጫወተው ጆን ካሜሮን ሚቸል ነው። ዜማውንና ግጥሙን የሠራው ስቲቨን ትራስክ ነው። ሚቸል ልክ እንደ ቶሚ የጄኔራል ልጅ ነው። አባቱ በ1980ዎቹ የበርሊን አሜሪካዊ ዘርፍ አዛዥ ነበሩ። ቤተሰቡ ጀንክሽን ሲቲ በነበረበት ጊዜ ልጆች የምትጠብቅላቸው ጀርመናዊት ነበረች፤ ከአሜሪካ ወታደር የተፋታች። የሄድዊግ ዘር ያቺ ሴት ናት።

ሁለቱ ሰዎች ሥራውን ቴአትር ቤት ውስጥ አልጀመሩትም። በ1994 ኒውዮርክ፣ ዶን ሂልስ በሚባል ክለብ «ስኩዊዝቦክስ» የሚባል ሳምንታዊ ምሽት ነበር። የሌላ ቦታ ድራግ ንግሥቶች (በሴት ልብስና ሜካፕ መድረክ ላይ የሚወጡ ወንዶች) በቴፕ ላይ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ እዚያ ግን በራሳቸው ድምፅ፣ ከእውነተኛ የሮክ ባንድ ጋር ይዘፍኑ ነበር። የባንዱ መሪ ትራስክ ነበር። ሚቸል በሴት ልብስ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነበር። ሄድዊግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረባት እዚያ ነው፤ በአብዛኛውም የእንግሊዛዊውን ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊንና የሌሎችን የ1970ዎቹ ዘፈኖች ግጥማቸውን ለታሪኩ እንዲስማማ እየቀየረ። የራሳቸው ዘፈኖች ቀስ በቀስ ቦታውን ያዙ።

ይህን አትለፊው። ሥራው የተገነባው ሰው እየጠጣ፣ እየጮኸ፣ ካልወደደው ጀርባውን እየሰጠ በሚያዳምጥበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው ሄድዊግ በዘፈንና በዘፈን መሃል ታሪኳን የምታወራው፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን የምትነካካው፣ የምትሳደበው፣ ደግሞ ወዲያው የምታባብለው። አዝማሪ ቤት አምሽቶ የሚያውቅ የእኛ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይለየዋል፤ ወሬው ዘፈኑን ይጠራል፣ ዘፈኑ ደግሞ ወሬውን።

በ1998 የካቲት 14 ቀን ሥራው ጄን ስትሪት ቴአትር በሚባል ቦታ ኦፍ ብሮድዌይ ላይ፣ ማለትም ከብሮድዌይ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ባነሰ የኒውዮርክ መድረክ ላይ ተከፈተ። ቦታው ሃድሰን ወንዝ ዳር ያለ የድሮ የመርከበኞች ሆቴል ነበር። በ1912 ከታይታኒክ መስጠም የተረፉ የመርከቡ ሠራተኞች ያረፉበት ሆቴል ነው። እዚያ ከ800 ጊዜ በላይ ታየ። የመድረኩ ዘዴ ቀላልና ጨካኝ ነበር። ቶሚ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ትልቅ ስታዲየም እየዘፈነ ነው ይባላል። ሄድዊግ በሩን በከፈተች ቁጥር የእሱ ድምፅና የሕዝቡ ጩኸት ይገባል። በሩን ስትዘጋው ከጥቂት ሰዎች ጋር ብቻዋን ትቀራለች።

እንግዲህ ወደ ግላም፤ በሜካፕና በብልጭልጭ አጊጦ የሚቀርበው የሮክ ዓይነት ነው። ዘመኑ 1971፣ 1972 ነው። ማርክ ቦላን ፊቱ ላይ ብልጭልጭ ቀብቶ የብሪታንያ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። በዓመቱ ዴቪድ ቦዊ ፀጉሩን ቀይ ቀብቶ፣ ኩል ተኩሎ፣ ዚጊ ስታርደስት ነኝ አለ። በዚያው ዓመት ሉ ሪድ «ትራንስፎርመር» የሚባለውን አልበም አወጣ፤ አዘጋጆቹ ቦዊና ጊታሪስቱ ሚክ ሮንሰን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ለአንድ የምሥራቅ በርሊን ልጅ ምን ነገሩት? የተወለድክበት ሰፈር፣ የተሰጠህ ስም፣ የተሰጠህ ልብስ የመጨረሻ አይደለም አሉት። ልበስና ሌላ ሁን። ቦዊ ራሱ ከ1976 ጀምሮ ምዕራብ በርሊን ኖረ፤ ዘፋኙ ኢጊ ፖፕም አብሮት ነበር። ከግንቡ ብዙም በማይርቅ ስቱዲዮም ቀረጸ። የሃንሰል ሬዲዮ የሚያመጣለት እነዚህን ድምፆች ነው።

ግላም ደስ የሚል ነገር ነው፤ ውስጡ ግን አንድ ተስፋ አለ። ተስፋው ልብሱ ያድንሃል የሚል ነው። «ዊግ ኢን ኤ ቦክስ» የሚባለውን ዘፈን እንደገና ስሚው። ሄድዊግ በተጎታች ቤቷ ብቻዋን ናት፤ ባሏ ሄዷል፤ ግንቡ ፈርሷል። በፒያኖ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደማንጎራጎር ይጀምራል። ሜካፕ ትቀባለች፣ ዊግ ታወጣለች። ዊጉ ጭንቅላቷ ላይ ሲወጣ ሙዚቃው ይነሳል፣ ከበሮው ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ባንዱ ሁሉ ይፈነዳል። ፊልሙ ላይ የተጎታቹ ግድግዳ ተዘርግቶ መድረክ ይሆናል። ግጥሙ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ አብረን እንድንዘፍን አንዲት ትንሽ ዊግ በቃላቱ ላይ እየዘለለች ትመራናለች። እኔ ይህን ትዕይንት ከሮክ ሙዚቃዊ ድራማዎች ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ሐዘን ሳይካድ ወደ በዓል ሲለወጥ ታዪዋለሽ።

ዊጉ ግን ያን ቀን አዳናት እንጂ አልፈወሳትም። እንደውም አጠገቧ ያለን ሰው መበደያ ሆነ። ስለ ይትዛክ ማውራት የግድ ነው፤ አብዛኛው ጽሑፍ እሱን ይረሳዋል፣ አንቺ ግን እንዳትረሺው። ይትዛክ የሄድዊግ ባል ነው፤ ጥላዋን እንኳን የሚፈራ፣ ፊቱን ያኮሳተረ፣ ጃኬት የለበሰ የባንድ አባል። የሚጫወተው ሴት ተዋናይ ናት። ኦፍ ብሮድዌይም ፊልሙም ላይ ሚሪያም ሾር ናት የተጫወተችው። በመድረኩ ቅጂ ሄድዊግ ያገኘችው ክሮኤሺያ ውስጥ ነው። ድራግ ንግሥት ነበር፤ ጥሩ ዘፋኝም። ከዚህ አገር አውጪኝ ብሎ ለመናት። እሺ፣ አገባሃለሁ፣ አወጣሃለሁ አለችው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ዳግመኛ ዊግ እንዳታደርግ።

ይህን ከሉተር ጋር አስተያዪው። ሉተርም አወጣሃለሁ ብሎ ነበር፤ ዋጋው የሰውነት ክፍል ነበር። እናቷም ፓስፖርቱን የሰጠችው ነጻ መውጣት ከፈለግህ ከራስህ አንድ ነገር ትተህ ሂድ ብላ ነው። ሄድዊግ ይህን ትምህርት በደንብ ተማረችው፤ ተምራም በይትዛክ ላይ አዋለችው። ፊልሙ ላይ የይትዛክን ፓስፖርት ስትቀድ ያየሽበትን ትዕይንት አስታውሺ። የራሷ ነጻነት በፓስፖርት መጣ፤ የእሱን ነጻነት በፓስፖርት ቀደደችው። ብዙ ተመልካች ስለሚወዳት ይህንን ቶሎ ይቅር ይላታል። ሥራው ራሱ ግን ቶሎ ይቅር አይላትም። የሥራው ትልቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። የተበደለችውን ሴት ቅድስት አላደረጋትም።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ፓንክ የሚባለው ሻካራና ፈጣን ሮክ ከግላም ሆድ የወጣ ልጅ ነው። ኒውዮርክ ዶልስ የሚባለው ባንድ በ1973 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ሽፋኑ ላይ ሊፒስቲክ የተቀቡ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረጉ ወንዶች ነበሩ። አጨዋወታቸው ግን ሻካራ፣ ያልተወለወለ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲቢጂቢ የሚባለው መጠጥ ቤት ኒውዮርክ ውስጥ ተከፈተ። ራሞንስና ፓቲ ስሚዝ ከዚያ ወጡ። ራሞንስ በ1976 ባወጡት የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርሳሉ። ጌጡ ተራገፈ። ሦስት ኮርድ፣ የተቀደደ ልብስ፣ ፍጥነት። በዚያው ሰፈር ጄይን ካውንቲ የምትባል ትራንስ (ስትወለድ ከተሰጣት ጾታ በተለየ ጾታ የምትኖር) ዘፋኝ ነበረች፤ ፓንክ ገና ስም ሳይወጣለት መድረክ ላይ ነበረች። ሰዎች ሄድዊግን ከባዶ የተፈለሰፈች ይመስላቸዋል፤ እንደ ጄይን ያሉ ሰዎች ግን ከሃያ ዓመት በፊት በአካል እዚያ ቆመው ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ሁለቱ ሙዚቃዎች ሥራ ተከፋፍለዋል። ሰውነቷ ሲለብስ ግላም ይመጣል። ሰውነቷ ሲገለጥ ፓንክ ይመጣል። ቀዶ ሕክምናው የሚነገረው በየትኛው ዘፈን ነው? «አንግሪ ኢንች» ላይ ነው፤ ፈጣኑ፣ ሻካራው፣ የሚጮኸው ዘፈን። በለሆሳስ ቢነገር ኖሮ እኛ ተመልካቾቹ እያዘንን በምቾት እንቀመጥ ነበር። ባንዱ ግን ፋታ አይሰጠንም። ፊልሙ ላይ ምግብ ቤት ውስጥ ስትዘፍነው ምን እንደሚፈጠር አይተሻል፤ ድብድብ ይነሳል። «ድንገት» ያልሽው ለውጥ እንግዲህ ድንገተኛ አይደለም። ሙዚቃው የሚጮኸው እውነቱ በሚወጣበት ቦታ ነው።

ይህን ከያዝሽ «ኤክስኩዊዚት ኮርፕስ» የሚባለው የመጨረሻው ጩኸት ቀላል ይሆንልሻል። ርዕሱ የሱሪያሊስት ሠዓሊዎች ጨዋታ ስም ነው፤ አንዱ ጭንቅላት፣ ሌላው ደረት፣ ሌላው እግር አንዱ የሌላውን ሳያይ ይስልና ወረቀቱ ሲዘረጋ አንድ እንግዳ ሰውነት ይወጣል። ሄድዊግ ሰዎች ተቀባብለው የሠሩኝ ነኝ ትላለች፤ እናቷ፣ ሉተር፣ ሐኪሙ፣ ቶሚ። ባንዱ ይበታተናል፣ ጊታሩ ይፋጫል። ዊጉን ትነቅለዋለች፣ ልብሱን ትቀደዋለች፣ ጡት ሆነው የነበሩትን ቲማቲሞች ትጨፈልቃለች። ግላም የሰጣት ሁሉ በፓንክ ተራገፈ። ዊጉ ወለቀ ማለት ግን ታሪኩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ሁለት ዘፈን ይቀራል።

አንደኛው የቶሚ ነው። ለዚህ ስለ «ዘ ኦሪጂን ኦፍ ላቭ» ማለትም ስለ ፍቅር አመጣጥ የሚተርከውን ዘፈን ማንሳት አለብን። ታሪኩ የተወሰደው ከፕላቶ «ሲምፖዚየም» ነው። እዚያ አሪስቶፋነስ የሚባለው የኮሜዲ ጸሐፊ በግብዣ ላይ ተነስቶ ይናገራል። ሰዎች በጥንት ጊዜ ሁለት ፊት፣ አራት እጅና አራት እግር ነበራቸው፤ ዜውስ ኃይላቸውን ፈርቶ ለሁለት ሰነጠቃቸው፤ ፍቅር ማለት የጠፋውን ግማሽ መፈለግ ነው ይላል። ሄድዊግ ይህንን ታምናለች። ዳሌዋ ላይ ለሁለት የተከፈለ ፊት ተነቅሳለች። ቶሚ ግማሼ ነው ብላ ወስናለች።

አሁን ለጽሑፍሽ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ፕላቶ መጽሐፉን በዚያ ንግግር አልዘጋውም። ቆይቶ ሶቅራጥስ ይነሳና ዲዮቲማ ከምትባል ጠቢብ ሴት የሰማውን ያወራል። እሷ ደግሞ ፍቅር ግማሽንም ሙሉንም አይፈልግም፣ የተፈለገው ነገር ጥሩ ካልሆነ በቀር ትላለች። የግማሹን ተረት ያፈረሰው ራሱ መጽሐፉ ነው። ሚቸልና ትራስክም ልክ እንደዚያ አድርገዋል። ቶሚ «ዊክድ ሊትል ታውን» የሚለውን የሄድዊግን ዘፈን መልሶ ይዘፍነዋል፤ ግጥሙን ግን ለውጦታል። ይቅርታ ይጠይቃታል። ከሰማይ የተመደበልሽ ፍቅረኛ የለም፣ በከዋክብት የተጻፈ ነገር የለም ይላታል። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ክህደት ይሰማዋል። እኔ ግን ከተሰጧት ስጦታዎች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። ግማሽ ካልነበረ፣ እሷም ጎደሎ አልነበረችም ማለት ነው።

ቶሚ በእውነት አለ ወይ ላልሽው፣ መልሱ በየትኛው ቅጂ እንደምትጠይቂ ይወሰናል። መድረኩ ላይ ቶሚን የሚጫወት ሌላ ሰው የለም። ሄድዊግ ዊጓንና ልብሷን ስታወልቅ ያው ተዋናይ ግንባሩ ላይ መስቀል ይዞ ቶሚ ይሆናል። ተመልካቹ ሁለቱን በአንድ ሰውነት ያያል፤ «ያው አንድ ሰው ቢሆኑስ?» ማለቱም ትክክል ነው። ፊልሙ ላይ ግን ቶሚ የራሱ ተዋናይ አለው፣ ማይክል ፒት። ዘፈኑን የሚዘፍንለት ድምፅ ደግሞ የስቲቨን ትራስክ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ቶሚ በእርግጥ አለ፤ በደለኛም ነው። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ግን ሚቸል ወደ መድረኩ ሕልም ይመለሳል፤ የቶሚ መስቀል ሄድዊግ ግንባር ላይ ይታያል። ሁለቱን ንባቦች እንድትይዢ እንጂ አንዱን እንድትጥዪ አልተፈለገም።

የመጨረሻው ዘፈን «ሚድናይት ሬዲዮ» ነው። ኦቨን ውስጥ ጭንቅላቱን የከተተው ልጅ የሰማው ሬዲዮ መሆኑን ልብ በዪ። ሄድዊግ የሴት ዘፋኞችን ስም ትጠራለች፤ ፓቲ፣ ቲና፣ ዮኮ፣ አሬታ፣ ኖና፣ ኒኮ። ራሷንም ከእነሱ ጋር ትደምራለች። ሙዚቃው የግላም ሰፊ ዜማ አለው፣ የፓንክ ራቁትነት አለው፤ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ይቆማሉ። ይትዛክ ዊጉን ይዞ ሊያደርግላት ይመጣል። አትቀበለውም። ለአንተ ነው ትለዋለች፣ በቃል ሳይሆን በእጇ። ይትዛክ ዊጉን ያደርጋል፤ ያ አኩርፎ የኖረ ሰው አምሮበት ይወጣል፣ ሕዝቡ በእጁ ያነሳዋል።

ዊጉ የት ሄደ ማለትሽ ካልቀረ፣ እዚያ ሄደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ነጻነትን የሰጠ ሰው ሁሉ ዋጋ ጠይቋል። ሉተር ጠየቀ፣ እናቷ ጠየቀች፣ ሄድዊግም ይትዛክን ጠየቀች። ይህ ብቻ ነው ያለ ዋጋ የተሰጠው። ሄድዊግ ያወለቀችው ዊግ መጥፎ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ለይትዛክ ባልሰጠችው ነበር። ለእሷ መደበቂያ ሆኖ የነበረው ለእሱ ማንነቱ ነው። ከዚያ ዳሌዋ ላይ ያለው ንቅሳት በአኒሜሽን ይንቀሳቀሳል፤ ለሁለት የተከፈለው ፊት አንድ ሙሉ ፊት ይሆናል። አኒሜሽኑን የሠራችው ኤሚሊ ሃብሊ ናት። ከዚያ ወደ መንገዱ ትወጣለች።

ታዲያ ወንድ ነው ሴት? ሥራው አልመለሰውም፤ እኔም ባልተመለሰ ነገር ላይ ማኅተም አላደርግም። የማውቀውን ልንገርሽ። ሄድዊግ ቀዶ ሕክምናውን ፈልጋ አላደረገችውም፤ አገርና ሕግ ገፍተዋት ነው። ስለዚህ ታሪኩ የትራንስ ሰዎች የተለመደ ታሪክ አይደለም፤ ሚቸልም ይህን ደጋግሞ ተናግሯል። አንዳንድ ትራንስ ተመልካቾች ቀዶ ሕክምና እንደ አደጋና እንደ ጉዳት መታየቱ ያሳዝናቸዋል። ሌሎች ደግሞ ራሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እዚህ ነው። በ2021 መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒ ላይ ሊቀርብ የነበረ ዝግጅት ዋናውን ሚና ትራንስ ላልሆነ ተዋናይ በመስጠቱ ተቃውሞ ገጥሞት ሳይቀርብ ቀርቷል። ሚቸል በበኩሉ ሚናው ለማንም ክፍት ነው ባይ ነው። በ1999 ኒውዮርክ ላይ ተዋናይት አሊ ሺዲ ሄድዊግን ተጫውታለች። ለእኔ ሁለቱም ወገን የሚለው ቁም ነገር አለው፤ ሥራ ለሚያጡ ትራንስ ተዋናዮች መሟገት ተገቢ ነው፣ ሚናውም ሁሉንም ሰው የሚያስተናግድ ሰፊ ሚና ነው። ጽሑፍሽ ውስጥ አንዱን ወገን ብትይዢ ግን የሌላውን ሐሳብ በሙሉ ጉልበቱ አስቀምጪው።

ይህ ሥራ ለምን እንዲህ አክራሪ ወዳጆች እንዳፈራም ባጭሩ ልጨምር። ፊልሙ በ2001 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማትና የዳይሬክተርነት ሽልማትን ወሰደ፤ ሲኒማ ቤት ግን ወጪውን እንኳን አልመለሰም። ከዚያ በኋላ በቪዲዮና በዲቪዲ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ወዳጆቹ ራሳቸውን «ሄድሄድስ» ብለው ጠሩ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ በተደጋጋሚ ይታያል፤ ለሁለት የተከፈለ አገር ሕዝብ ይህንን ታሪክ ቢወድ አይገርመኝም። ብሮድዌይ የገባው ዘግይቶ በ2014 ነው፣ ቤላስኮ ቴአትር። ኒል ፓትሪክ ሃሪስ ሄድዊግን፣ ሊና ሆል ይትዛክን ተጫውተው ሁለቱም ለብሮድዌይ ሥራዎች የሚሰጠውን የቶኒ ሽልማት ወሰዱ፤ ሥራውም በድጋሚ ከቀረቡ ሙዚቃዊ ድራማዎች ምርጥ ተባለ። ሊና ሆል በኋላ በ2016ቱ ጉዞ ላይ ሄድዊግንም ተጫውታለች። ዊጉን ከተቀበለው ሰው ሚና ወደ ዊጉ ባለቤት ሚና መሻገሯ ደስ ይለኛል።

ጽሑፍሽን ከመጀመርሽ በፊት አንድ ሥራ ስጪው ለጆሮሽ። የ1999ኙን የመድረክ አልበምና የ2001ዱን የፊልም አልበም ፈልጊ። ሁለቱም ላይ የቶሚን «ዊክድ ሊትል ታውን» አከታትለሽ ስሚ። በመጀመሪያው የምትሰሚው ሄድዊግ የነበረውን ሰው ድምፅ ነው፤ በሁለተኛው የሌላ ሰው። ከዚያ ይቅርታው ከራስ ሲመጣና ከበዳይ ሲመጣ ምን እንደሚለይ ጻፊ። መምህርሽ ፊልሙን ብቻ ካዘዙ የመድረኩን ቅጂ በአንድ አንቀጽ ብትጠቅሺው ይበቃል፤ ስለ ይትዛክ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ገጽ ስጪ።